የበያጁ ስም

ዳሲቱ ደበላ ወረቀቱን ከታይፑ መንጭቃ አወጣችና ጨምድዳ ጣለችው። ተነሥታ እስከ በሩ ሄደች፤ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ወዲያው ደግሞ ተነሣች። በሩ ላይ ስትቆም የታላቅ ወንድሟ የጀቤሳ የብረታ ብረት ኦፊቺና ይታያታል፤ የቆመው የብረት መቅረጫ ቶርኖ፣ ግድግዳ የተደገፉት ብረቶች፣ ሥራ ጠፍቶ እጃቸውን አጣጥፈው የነሐሴን ዝናብ የሚመለከቱ ሠራተኞች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቃቂ ካሉት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች አንዱ በፈተል ክፍሉና በማቅለሚያው የሚያልፉትን የእንፋሎት ቧንቧዎች ለማስጠገን ጨረታ አወጣ። ጨረታው ዋጋ ብቻ አልጠየቀም። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ፣ በምን መሣሪያና በማን እጅ እንደሚሠራ ተጫራቹ አብራርቶ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ያዛል፤ ቴክኒክ ፕሮፖዛል ይሉታል። ጀቤሳ መዶሻ እንጂ ብዕር አይቀናውም። ስለዚህ ጣጣውን ሁሉ ንግድ ትምህርት ቤት ጨርሳ ለመጣችው እኅቱ ጣለባትና ወደ ብረቱ ተመለሰ። ፖስታው ቅዳሜ ከቀትር በፊት ለገሃር አጠገብ ካለው የፋብሪካው ዋና መሥሪያ ቤት መግባት አለበት።

እስካሁን የጻፈችውን ራሷ አንብባ አፈረችበት። "ኦፊቺናችን የታወቀ ነው፣ መሣሪያችን ዘመናዊ ነው፣ ሠራተኞቻችን ታታሪዎች ናቸው" ይላል። ይህንን ማንም ስለ ማንም ሊጽፈው ይችላል። ፋብሪካው የጀቤሳን ዝና ምን ያደርግለታል? የሚፈልገው ነገር ሌላ ነው፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀችውም። ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።

ጎረቤታቸው እትዬ የሺሐረግ በዚያው ፋብሪካ ፈተል ክፍል ስትሠራ ብዙ ዘመኗ ነው። የቀን ፈረቃዋን ጨርሳ ስትወጣ ዳሲቱ በር ላይ ጠበቀቻትና በጭቃው እየተንሸራተቱ አብረው ሄዱ።

"እትዬ፣ ቧንቧው እስከዚህ አስቸግሯችኋል?"

"ቧንቧውስ ያፈሳል፤ በባልዲ እንቀበለዋለን" አለች የሺሐረግ። "እኛን የሚያስፈራን ጠጋኙ ነው፣ ልጄ። የጥጥ ብናኙ እኮ እንደ አመዳይ ቧንቧው ላይ ይጋገራል። አንድ ጊዜ የመጣ በያጅ ፍንጣሪ አስወረደበትና እሳቱ ጣራ ለጣራ ሮጠ። ተረጋግጠን ነው የወጣን። ከዚያ ወዲህ የብየዳ ሽታ ሲሸተኝ እግሬ በሩን ይፈልጋል። አለቆቹም ቢሆኑ የሚፈሩት ይኸንኑ ነው።"

ዳሲቱን የቀረውን መንገድ እንደመሮጥ አደረጋት። ታይፑ ፊት ተቀምጣ የኦፊቺናውን ውዳሴ ሁሉ ተወችና ከእሳቱ ጀመረች። ጀቤሳን እየጠየቀች፣ እሱ ሲሰለቸው እየነዘነዘች ጻፈች። የሚፈታው ቧንቧ ተፈትቶ ግቢ ወጥቶ ይበየዳል። የማይፈታው፣ ብናኙ ተጠርጎ፣ ዙሪያው በእርጥብ ጆንያ ተጋርዶ፣ ውኃ የያዘ ሰው አጠገቡ ቆሞ ይበየዳል። ሥራው ማሽኖቹ ለቆጠራ በሚቆሙበት በጳጉሜን ይሆናል። ጣቷ ከሐሳቧ እኩል ይሮጥ ነበር። "ብየዳውን የሚሠራው" የሚል ርእስ መታችና ቆመች።

"የሮሪሳን ስም ጻፊ" አለ ጀቤሳ ከትከሻዋ በላይ እያየ። "በዚህ አገር ከእሱ የሚሻል በያጅ የለም።"

"ጋሼ፣ ሮሪሳ እኮ ካምና ወዲህ ከእኛ ጋር የሉም።"

"ጨረታውን እናሸንፍ እንጂ እሱ ይመጣል።"

"ሳይጠየቁ ስማቸውን አልጽፍም" አለች ዳሲቱ። ጀቤሳ በሩን ገፍቶ ወጣ።

ሮሪሳ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ በራሱ ደጃፍ ማረሻና ዶማ ይጠግናል። ግራ ዓይኑ ጠፍቷል፤ ጉንጩ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። አምና በጀቤሳ ኦፊቺና አንድ በርሜል ሲበይድ ፈንድቶበት ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ጀቤሳ የሚያስፈልገውን ሁሉ ልኮለታል፤ ራሱ ግን አንድ ቀንም አልጋው አጠገብ አልቆመም። ዳሲቱ ቆማ የመጣችበትን ስትናገር ሮሪሳ ከሥራው ቀና አላለም።

"የጻፍሽውን አንብቢልኝ" አለ በመጨረሻ።

አነበበችለት። ስለ እርጥቡ ጆንያ ስትደርስ መዶሻውን አስቀመጠ።

"ጥሩ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ነው። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ጽፈሽ፣ ሥራው ሲቸኩል ማን ያስጠብቀዋል? እኔ 'ይቁም' ካልኩ ሥራው ይቁም። ወንድምሽም ሆነ የፋብሪካው አለቃ 'ቀጥል' ሊለኝ አይችልም። ይኸንን በታይፕ ምቺው፤ ወንድምሽም ይፈርምበት። ካልፈረመ ስሜን እንዳትነኪው።"

"ጋሼ ይፈርማሉ" አለች፤ ልቧ ግን አላመነም።

እንደ ፈራችውም ሆነ። ዓርብ ጀቤሳ ገጹን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። "በገዛ ኦፊቺናዬ በያጅ ሊያዝዘኝ? ሌላው ተጫራች ይህን ቢሰማ አይስቅብኝም?"

"ይሳቅ ጋሼ። የፋብሪካው ሰዎች የፈሩት እሳት ነው። ይህቺ ገጽ ከሌለች የቀረው ሁሉ ወሬ ነው።"

"በጳጉሜን ውስጥ አልቆ መረከብ ያለበት ሥራ ነው። በቀኑ መካከል 'አቁሙ' ቢለኝስ?"

"ያን ጊዜ ይቆማላ። አምና ቢቆም ኖሮስ?"

ይህን ማለት አልፈለገችም ነበር፤ አምልጧት ነው። ጀቤሳ ገጹን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ዝናቡ ውስጥ ገባ። ለእራት አልተመለሰም። ሚስቱ ፈለቀች ደጅ ደጁን ታያለች፤ ዳሲቱ ደግሞ ሌሎቹን ገጾች ታስተካክላለች፣ ታፈርሳለች፣ እንደገና ታስተካክላለች።

ቅዳሜ ጠዋት ፖስታውን በፕላስቲክ ጠቅልላ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ቆመች። ያቺ ገጽ የለችም፤ ጀቤሳም የለም። ያለ እሷ ላስገባው ወይስ ልተወው? ከመድረኩ ጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለሰች። ነጋዴው ሁሉ ቅርጫቱን አንሥቶ ሲነቃነቅ ከደብረ ዘይት በኩል የሚመጣው ሊቶሪና ባቡር ጮኸ። ያን ጊዜ ጀቤሳ ሐዲዱን ተሻግሮ ሲመጣ አየችው፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ከኋላው ሮሪሳ ራመድ ራመድ ይላል። የተነጋገሩትን ያን ጊዜም ሆነ በኋላ አልነገሯትም። ጀቤሳ ከኪሱ ወረቀቱን አወጣ፤ የሁለቱም ፊርማ አለበት።

"ተሳፈሪ" አለ ብቻ።

ፖስታው በሰዓቱ ገባ። ከዚያ በኋላ መልሱን መጠበቁ ከጽሑፉ ባሰባት። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ትላለች።

በመጨረሻ እሷና ጀቤሳ ተጠሩ። ጨረታውን የሚመረምረው መሐንዲስ አቶ ተሰማ የሚባል፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ገጾቹን ገልጦ ያቺኛዋ ላይ ቆመ።

"ለበያጅ ሥራ የማስቆም ሥልጣን የሰጠ ተጫራች እናንተን ብቻ አየሁ። ከየት የመጣ ሐሳብ ነው?"

ዳሲቱ ያዘጋጀችው መልስ ነበራት። ጀቤሳ ቀደማት።

"አምና ቤንዚን የነበረበት በርሜል መጣልኝ። በያጄ 'መጀመሪያ ይታጠብ' አለኝ፤ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቅ ስለነበር 'ቶሎ በይደው' ብዬ አጣደፍኩት። ፈነዳበት፤ ዓይኑ ጠፋ።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ሐሳቡ የእሱ ነው። እኔ ፈርሜበታለሁ።"

ዳሲቱ 'አለቀልን' ብላ መሬት መሬት አየች። አቶ ተሰማ ግን ገጹ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ጻፈና "ሰውዬውን ማየት እፈልጋለሁ" አለ።

አየውም። ሮሪሳን ይዞ ፈተል ክፍሉን አዞረው፤ በአንዱ ዓይኑ ከጣራው ሥር ያለውን ብናኝ ሲመረምር እነ የሺሐረግ ከማሽናቸው ላይ ሆነው አዩት። ውጤቱ ሲነገር ሥራው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ማቅለሚያው ለአንድ የከተማ ኩባንያ፣ አስፈሪው ፈተል ክፍል ለጀቤሳ ደረሰ። ጀቤሳ ግማሽ ሥራ ነው ብሎ አጉረመረመ፤ ዳሲቱ ግን የዚያን ዕለት ከቀትር በኋላ ጀምራ እስኪነጋ ተኛች።

በጳጉሜን ቧንቧዎቹ እየተፈቱ ግቢ ወጡ። ሮሪሳ ሁለት ጊዜ ሥራ አስቆመ፤ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ጀቤሳ ጥርሱን ነክሶ ዞር አለ እንጂ 'ቀጥል' አላለም። እሳት አልተነሣም። መረካከቡ ግን ከቀኑ አልፎ ለአዲስ ዓመት ማግስት ስለደረሰ ከፋብሪካው ወቀሳ አልቀረላቸውም።

ሥራው ሲያልቅ ጀቤሳ "ወደ ኦፊቺናው ተመለስ" አለው። ሮሪሳ እንቢ አለ። ከባድ ሥራ ሲመጣ በዚያችው ገጽ ውል እየፈረመ ሊመጣ፣ በተረፈ የራሱ ደጃፍ ሊሠራ ተስማሙ። ጀቤሳ ቅር ብሎት ከረመ። ለመስቀል ግን ልጆቹን አስከትሎ ሐዲዱን ተሻገረና በሮሪሳ ደጃፍ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሮሪሳም ወጥቶ "ግቡ" አላቸው።