መድኃኒት ቀባሪዋ

«ቢላን የታለች?» አለች አስካለማርያም፣ ከፍራሹ ላይ ቀና ብላ።

ሴቶቹ ተያዩ። የአስካለ እናት እትዬ በለጠች ትናንት ነው የተቀበረችው። ጎረቤቷ ቢላን ከዚያ ወዲህ ከለቅሶ ቤቱ አልተለየችም ነበር። የቡና ቅጠል ሆጃዋን በፔርሙስ ይዛ ትመጣለች፣ ከአስካለ ጎን ትቀመጣለች፣ አልቃሾቹ ሲበረቱ ደግሞ በራሷ በሶማሊኛ አብራ ታለቅሳለች። ዛሬ ግን ከረፋዱ ጀምሮ ቦታዋ ባዶ ነው።

«ትመጣለች፣ አታስቢ።»

«ምን ሆና ነው?»

«ልጇን ማርያንን ትንሽ አተኩሷት ነው» አለች አንዷ፣ የንፍሮውን ሳህን ወደ አስካለ እያስጠጋች። «ወባ ነው መሰለኝ። ልጅቷ ደግሞ ድርስ እርጉዝ ናት፤ እናት እንዴት ጥላት ትምጣ? ግን አይዞሽ፣ መድኃኒት ውጣ ተኝታለች። አቶ ወልደ ማርያም ናቸው የሰጧት፣ ዕድሜ ይስጣቸው።»

አስካለ የዘገነችውን ንፍሮ መልሳ ሳህኑ ላይ አደረገችው።

«ከየት ያመጡትን መድኃኒት?»

«ከቤታቸው ነዋ! ከሳጥናቸው።»

በዚያ ዘመን ቤቱ ውስጥ መድኃኒት ባስቀመጠ ሰው አይፈረድም። ፋርማሲ ሄዶ «የለም» ሳይባል የተመለሰ ሰው ዕድለኛ ነበር። ስለዚህ ከጅቡቲ በባቡር የመጣውም፣ ሐኪም ካዘዘው የተረፈውም፣ ከሟች ዘመድ ትራስ ሥር የተገኘውም ኪኒን በጨርቅ ተቋጥሮ ሳጥን ይገባል። ማርና ቅቤ ሲቆይ መድኃኒት ይሆናል ይባል የለ? መድኃኒትም ሲቆይ ይበልጥ የሚበረታ የሚመስለው ሰው ሞልቶ ነበር።

ከዚህ ልማድ ጋር የተጣላች አንድ በለጠች ብቻ ነበረች። ጳጉሜ ገብታ ሰው ለዘመን መለወጫ ቤቱን ሲያራግፍ፣ እሷ ጆንያዋን አንጠልጥላ ከቤት ቤት ትዞራለች። «የሞተ መድኃኒት አለ?» ትላለች ደጃፍ ላይ ቆማ። አንዳንዱ እንደ ቁራሌው ገንዘብ የምትከፍል መስሎት ይከራከራታል፤ አንዳንዱ ደብቆ «የለም» ይላታል። እሷ እቴ፣ ሳጥኑ እስኪከፈት ከደጃፉ ንቅንቅ አትልም። ሰፈሩ «መድኃኒት ቀባሪዋ» የሚል ስም አወጣላት፤ ስሙም እውነት ነበር። ኪኒኑን አንድ በአንድ ከሽፋኑ ትፈለፍላለች፣ በአሮጌ ሙቀጫ ትወቅጠዋለች፣ ከአመድና ከቡና አተላ ጋር ለውሳ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍራ ትቀብረዋለች። ደቻቱ ወንዝ ውስጥ መጣልን እንደ ኃጢአት ነበር የምታየው። «አሸዋውን ምሶ ውኃ የሚቀዳ አለ፤ ፍየሉም ይልሰዋል» ትል ነበር። የጠርሙሱን ወረቀት እንኳ በቢላ ፍቃ፣ በፈላ ውኃ አጥባ ነው ለዘይት ለሚፈልገው ሰው የምትሰጠው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን አፏ ነው። የሰው የመድኃኒት ሳጥን መክፈት የሰውን ገመና መክፈት ነው። የትኛው ባል የአባላዘር መድኃኒት እንደደበቀ፣ የማን ልጅ ሳንባዋን እንደታመመች፣ የትኛዋ ሚስት ባሏ ሳያውቅ የወሊድ መከላከያ እንደምትውጥ ሁሉንም ታውቅ ነበር። ወሬ እንደ ውኃ በሚጠጣበት በዚያ ሰፈር አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣችም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ለእኔ ካሳየ ግን እኔ እደብቅለታለሁ» ትላለች እየሳቀች። እንዲህ ያለች ሴት ነበረች።

አስካለ ተማሪ ሳለች ታፍርባት ነበር። ጓደኞቿ «እናትሽ ዛሬ ስንት ቀበሩ?» እያሉ ሲስቁባት መንገድ ትቀይራለች። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተቀጠረች በኋላ ነው ልብ ገዝታ የጆንያውን አንድ ጫፍ መያዝ የጀመረችው። ዘንድሮም አብረው ሊዞሩ ነበር። ጳጉሜ በገባች በመጀመሪያው ቀን ግን በለጠች ልብስ እያጠበች ሳለ ልቧ ቀጥ አለ። ጆንያው ሳይወጣ፣ የሰፈሩም ሳጥን ሳይታይ ቀረ።

«አቶ ወልደ ማርያምን ጥሩልኝ» አለች አስካለ።

የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደ ማርያም ከድንኳኑ ገቡ። ከትናንት ጀምሮ ወንበር የሚያስደረድሩት፣ ውኃ የሚያስቀዱት እሳቸው ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉላት።

«ለማርያን የሰጧት መድኃኒት መቼ የገዙት ነው?»

«ሰኔ ላይ፣ ከአንድ የጅቡቲ ነጋዴ። ልጄ ከብሔራዊ ውትድርና ሲመለስ ወባ ይዞ እንዳይመጣ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው።» ጥያቄው ምስጋና ስለመሰላቸው ፊታቸው ፈካ አለ። «አይዞሽ ልጄ፣ ሳላይ አልሰጠሁም። እናትሽ አስተምራን የለ? ሽፋኑ ላይ ያለውን አነበብኩ። የሚያበቃው በ1982 ነው። ዛሬ 78 ነው፤ ገና አራት ዓመት አለው!»

አስካለ ዓይኗን ጨፈነች።

ሰፈሩ ከበለጠች የተማረው ቁጥር መኖሩን ነው፤ ሒሳቡን ግን ለእሷ ትቶላት ኖሯል። እሷ ሽፋኑን ታገላብጣለች፣ «ይሄ ሞቷል፣ ይሄ ሕያው ነው» ትላለች፤ ሌላው አሜን ብሎ ይቀበላል። ቁጥሩ በፈረንጅ ዘመን እንደተጻፈ ያሰበ አልነበረም። አቶ ወልደ ማርያም አራት ዓመት ይቀረዋል ያሉት ኪኒን ከሞተ አራት ዓመት ሊሞላው ነው።

የአስካለ አባት ተሰማም የሞተው እንዲሁ ነው። አብዮቱ በፈነዳ በዓመቱ ነበር። ተሰማ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው፤ ከመንገድ ሲመለስ ወባ ያዘው። በለጠች ከሳጥኗ ኪኒን አወጣች። 1970 ይላል፤ ዘመኑ 67 ነው። «ገና ሦስት ዓመት አለው» ብላ አዋጠችው። አላበውና ተኛ። ጎረቤት ሐኪም ቤት እንውሰደው ሲል፣ «መድኃኒቱ ይዞታል፤ ተኝቷልና እስከ ጠዋት እንየው» አለች። ጠዋት ተሰማ አልነቃም።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣ አንድ የጤና ረዳት ነው የኪኒኑን ሽፋን ያገላበጠው። ቀስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ይሄ በእኛ ዘመን አይደለም የተጻፈው» አላት። በር ሥር የቆመችው ትንሿ አስካለ ሰምታዋለች። በለጠች ያን ቀን አልጮኸችም። ሌላ ሰው ቢሆን ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ሲረግም ይኖር ነበር፤ እሷ ግን የሚቀጥለው ጳጉሜ ሲመጣ ጆንያ አንሥታ ወጣች። ለምን እንደምትዞር ለማንም አልተናገረችም።

አስካለ ከፍራሹ ተነሣች።

«የት ልትሄጂ ነው? ሠልስት ሳይወጣ?»

«ኧረ ነውር ነው! ሐዘንተኛ እንዴት ከቤት ይወጣል?»

«ሐዘኑ አዙሯታል፣ ያዟት!»

«ልቀቁኝ!» ጮኸች። ከትናንት ወዲህ ድምፅዋ እንዲህ ከፍ ብሎ አልተሰማም ነበር። «እናቴ ሞታለች፤ እዚህ ቁጭ ብዬ ብጠብቃት አትነሣም። ማርያን ግን አልሞተችም!»

ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች፣ ጸጉሯ እንደተበተነ የቢላንን ግቢ ቆርቆሮ በር ገፍታ ገባች። ማርያን ምንጣፍ ላይ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ደርቋል፣ ግንባሯ በላብ ርሷል። ባሏ ጃማዕ በካርቶን ያራግብላታል።

ቢላን ስታያት ደነገጠች። «ሆዮ! ልጄ፣ አንቺ ሐዘን ላይ ነሽ፤ ለምን ወጣሽ? ሂጂ፣ እኔ እመጣለሁ።»

«አዴ ቢላን፣ መድኃኒቱ ሞቷል። ሐኪም ቤት እንውሰዳት።»

«ኧረ አቦ፣ ተሻላት እኮ!» አለ ጃማዕ። «ይኸው አላባት፣ ተኛች። አሁን ቀስቅሰን በጋሪ ብንንጣት አይብስባትም? እስከ ጠዋት እንያት።»

አስካለ ተንበርክካ የማርያንን እጅ ያዘች፤ እጁ ያቃጥላል።

«ጃማዕ፣ አባቴም አልቦት ነበር። አባቴም ተኝቶ ነበር። እናቴ እንደ አንተ ‹እስከ ጠዋት እንየው› ብላ ነው ያጣችው።»

ቢላን አፏን በሻሿ ያዘች። ይህን ያህል ዓመት አብራት ስትኖር በለጠች ይህን ነግራት አታውቅም። አንድ ጊዜ የአስካለን ፊት አየች፤ ከዚያ ወደ አማቿ ዞራ በሶማሊኛ የሆነ ነገር ጮኸችበት፤ ጃማዕ ካርቶኑን ጥሎ ወጣ።

ጋሪው ሲመጣ ከለቅሶ ቤቱ ድንኳን ወንዶቹ እየሮጡ ወጡ። ማርያንን በብርድ ልብስ ደግፈው ጫኗት። ደጋው ላይ ሲዘንብ አድሮ ስለነበር ደቻቱ ሞልቶ ድልድዩ ሥር ያገሳል፤ ጎርፍ ሊያይ የወጣው ሰው ድልድዩን ዘግቶታል። አቶ ወልደ ማርያም ከጋሪው ፊት ባርኔጣቸውን እያውለበለቡ ሮጡ። «መንገድ ልቀቁ! ወገን፣ መንገድ!» ለዚያ ዕድሜ የማይሆን ሩጫ ነበር። የበለጠች ድንኳን ባዶውን ቀረ፤ ይህን ነውር ነው ያለ ግን አልነበረም።

ሐኪሙ የማርያንን ደም አስመርምሮ መርፌ አዘዘ። ማንንም አልተቆጣም። «በጊዜ ደርሳችኋል» ብቻ አለ።

አቶ ወልደ ማርያም ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እንደ ልጅ አለቀሱ። «ገድያት ነበር፤ በገዛ እጄ ገድያት ነበር!»

አስካለ አጠገባቸው ተቀመጠች። «እናቴም አባቴን በዚሁ ነው ያጣችው፤ ክፉ ሆና አይደለም፣ ስለምትወደው ነው የሰጠችው። እርስዎም ደግ ባይሆኑ ከሳጥንዎ አውጥተው አይሰጡም ነበር» አለቻቸው።

በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ድንኳኑ ፈርሶ፣ የሩቁ ለቀስተኛ ተበትኖ ነበር። አስካለ ፍራሹ ላይ ለብቻዋ ተቀምጣለች። ከውጭ ሕፃናት በጳጉሜ ዝናብ ሲታጠቡ ይሰማል። እናቷ በሌለችበት አዲስ ዓመት ሊገባ መሆኑን ስታስብ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ቢላን ከሐኪም ቤት መጣች፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ሆዮ። የሆዷ ልጅም ይራገጣል። አልሐምዱሊላህ!»

አስካለ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ከዚያ በሩ ተንኳኳ። አንዲት ጎረቤት ገባች፤ «እግዜር ያጥናሽ» ብላ አልተቀመጠችም፣ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ የተቋጠረ ኪኒን አወጣች። «እስቲ ይቺን እዪልኝ» አለች፣ እንደ ማፈር እያለች። ከኋላዋ ሌላዋ መጣች። አቶ ወልደ ማርያም ደግሞ መምረጡን ትተው ሳጥኑን እንዳለ ተሸክመውት መጡ፣ ፍራሹ ሥር አስቀምጠው ላባቸውን ጠረጉ። የጠራቸው ሰው አልነበረም። አስካለ እየተቀበለች ታያለች፣ የፈረንጁን ዘመን ከእኛው ጋር እያስተያየች የሞተውን በአንድ በኩል፣ ሕያውን በሌላ በኩል ታስቀምጣለች፤ ለምን በሽታ እንደሆነ አንዳቸውንም አልጠየቀችም።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ቢላን ከልብሷ ሥር ትንሽ የሽሮፕ ጠርሙስ አወጣች።

«እናትሽ እያለች እኔ ቁጥር አይቼ አላውቅም። ፊቷን ነበር የማየው፤ ፊቷ ከጠቆረ ሞቷል ማለት ነው። አሁን አንቺ እዪልኝ።»

አስካለ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ቁጥሩ ተደበላለቀባት። በነጠላዋ ጫፍ ጠርሙሱን ወለወለችው፤ አሁንም አልታይ አላት። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና እንደገና አነበበችው።