ለዓሣ የታጠበች ገንቦ

የመሬት ግብሩ ሁከት በበረደ ዓመት የጤና ጣቢያው ድሬሰር አካለ ወልድ ከሞጣ ወደ ቢቸና ተዛውሮ ከወይዘሮ ይርጋነሽ አጥር ማዶ ያለውን ቆርቆሮ ቤት ተከራየ። መምጣቱስ ባልከፋ። የከፋው ሚስቱ ሰብለ ወንጌል ይዛው የመጣችው ጉድ ነው። ባሏ ከአሮጌ የመስኮት መስተዋት የሠራላትን ሣጥን ውሃ ሞልታ፣ ከሱሃ ወንዝ የተያዙ ጣት የሚያካክሉ ዓሣዎች ታኖርበታለች። የማይበላ ዓሣ!

ወይዘሮ ይርጋነሽ የልጅ ልጃቸውን ውበቴን ጡት ከጣለች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ እናቷ አዲስ አበባ ናት። ልጅቱ ድሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ "እምዬ!" ብላ ጉልበታቸው ላይ ነበር የምትወድቀው። አሁን ደብተሯን ደጃፍ ላይ ወርውራ፣ ሽው ወደ ማዶ።

"ዓሣዎቹ እኮ አወቁኝ እምዬ! ጣቴን ሳስጠጋ ይመጣሉ።"

"ዓሣ ጐርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ከውሃ ስትንቦጫረቂ ብርድ ይመታሽና ታያለሽ።"

"እትዬ ሰብለ ግን..."

"እትዬ ሰብለ! እትዬ ሰብለ! ኩፍኝ ሲይዝሽ ዓይኗን ሳትከድን ያደረችው እሷ ናት?"

አንድ ቀን ውበቴ እያለከለከች ገባች። "እምዬ፣ ያቺን ትንሿን ገንቦ ይስጡኝ! ለዓሣዎቹ መደበቂያ እንሥራላቸው አሉኝ እትዬ ሰብለ። ብረት ይዝጋል፣ መዳብ ይመርዛቸዋል፣ ቀለም የተቀባ ነገርም አይሆንም። ሸክላ ነው ደጉ። ብቻ ሳሙና እንዳይነካው። ካላገኘሽ ግን ከሞጣ ያመጣሁት ማሰሮ አለ ብለዋል።"

ወይዘሮ ይርጋነሽ ወደ መደቡ አዩ። ያቺ ገንቦ የውበቴ እናት በልጅነቷ ውሃ የቀዳችባት ናት፤ ከዚያ ወዲህ ከመደቡ ወርዳ አታውቅም። እምቢ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ያ የሞጣ ማሰሮ ዓይናቸው ላይ ድቅን አለ። ልጅቱ ቀኑን ሙሉ እሱን እያየች ልትውል! የለም። ዓሣ ባየች ቁጥር የኔን ዕቃ ትይ፣ አሉ በሆዳቸው።

"እሺ። ግን የኔ ዕቃ አቧራውን ይዞ ከሰው ቤት አይገባም። የቢቸና ሰው ቆሻሻ ነው ትበለኝ?"

በማግስቱ ውበቴ ትምህርት ቤት ሳለች እንዶድ ወቀጡ። እያስነጠሱ በጠበጡት፤ አረፋው ገነፈለ። ገንቦዋን ነጠላ በሚያነጡበት እጃቸው ፈተጓት፣ ዘፈዘፏት፣ አለቀለቋት፣ ፀሐይ ላይ አሰጧት። ልጅቱ ስትመጣ፣ "እንኪ፣ ሳሙና የሚባል አልነካትም" ብለው አስታቀፏት።

ከዚያ እጣቢውን ጓሮ ካለችው ቦይ ደፉት። ክረምት ነው፤ ቦይዋ በእንቁራሪት ልጆች ተሞልታለች። ለእራት ጎመን ሊቀነጥሱ ቆየት ብለው ሲመለሱ እነዚያ ጥቋቁር ነገሮች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ተንሳፍፈዋል።

ወይዘሮ ይርጋነሽ ጎመኑን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ሸክላ የጠጣውን አይረሳም፤ የቅቤ ማሰሮ ስንት ዓመት ታጥቦ ቅቤ ቅቤ ይላል!

ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ይለቁ፣ አሉ። ዓሣው ካለቀ ልጄ እቤቷ ትገባለች። የሞጣዋም በባዶ መስተዋቷ ፊቷን ትይበት። ይህን ሲያስቡ ደስ አላቸው፤ ደስ ማለቱ ራሱ አስፈራቸው። ኋላ አንድ ነገር እንደ እሾህ ወጋቸው። ገንቦዋን እውሃው ውስጥ የምትከታት ማን ናት? ውበቴ ናት፣ በገዛ እጇ። በገዛ እጄ ገደልኳቸው ስትል ልትኖር ነው።

ነጠላቸውን እንኳ ሳያጣፉ ተነሡ። ረግጠውት የማያውቁትን ደጃፍ ተሻግረው፣ ማንንም ደህና ዋላችሁ ሳይሉ፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ከሣጥኑ ከተው ገንቦዋን መንጭቀው አወጡ።

"ምነው እትዬ ይርጋነሽ?" ሰብለ ወንጌል ደነገጠች።

"እንዶድ ነው ልጄ! በእንዶድ ነው ያጠብኳት! ቶሎ ውሃ ለውጪላቸው!"

አንዷ ዓሣ ሞታ በጎኗ ተኝታለች። የቀሩት አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ያለከልካሉ። ሰብለ ወንጌል አፍታ ሳትቆይ ጨልፋ የምንጭ ውሃ ካለበት ጋን ጨመረቻቸው።

"ሳሙና አይሆንም ብዬዎት ነበር!" አለች ውበቴ እያለቀሰች።

"ሳሙና መቼ አስነካኋት?"

ልጅቱ ሄዳ ፊቷን በሰብለ ወንጌል ቀሚስ ሸፈነች። ወይዘሮ ይርጋነሽን ከሞተችው ዓሣ ይልቅ አንጀታቸውን የቆረጠው ይህ ነው። ገንቦዋን አቅፈው፣ ክንዳቸው ውሃ እያንጠባጠበ ቆሙ።

ሰብለ ወንጌል የልጅቱን ራስ እየዳበሰች ወደ እሳቸው አየች። "ደርሰውላቸዋል እኮ፤ የቀሩት ይተርፋሉ። ገንቦዋም አትጣል። የምንጭ ውሃ እየሞሉ፣ እየደፉ ማሰንበት ነው። ውሃው ሲናጥ አረፋ መስጠቱን ሲተው ያኔ ወደ ዓሣዎቹ ትመለሳለች። ብቻ በየቀኑ የሚለውጥላት ሰው ትፈልጋለች።"

"እኔ እለውጣለሁ" አለች ውበቴ፣ ከቀሚሱ ውስጥ።

ከዚያ ወዲያ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ የምትገባው እቤቷ ሆነ። ገንቦዋን ትደፋለች፣ ትሞላለች፣ ትንጣለች፤ እግረ መንገዷንም ቆሎ እየቆረጠመች የዋለችበትን ታወራለች። ወይዘሮ ይርጋነሽም ጥጣቸውን እየፈተሉ ይሰማሉ።

መስከረም ጠባ። አንድ ቀን ውበቴ ገንቦዋን ደጋግማ ነቅንቃ ውሃውን ጣሳ ላይ ገለበጠችው። ውሃው ኩልል ያለ ነው።

"እምዬ፣ ይዩ! አረፋ የለም!"

"ውበቴ፣ እንዶዱ ለቀቃት እንዴ?" አለች ሰብለ ወንጌል ከአጥሩ ማዶ።

ወይዘሮ ይርጋነሽ እንዝርታቸውን አስቀምጠው ጣሳውን ተቀበሉ። ወደ ብርሃን ዘንበል አደረጉት፣ ዓይናቸውን አጠበቡ፣ አሸተቱት።

"ጠርዙ ላይ ትንሽ ነገር ይታየኛል" አሉ። "ዓሣ ነፍስ ያለው ነገር ነው ልጄ፤ አይቸኮልበትም። ነገም እንድገማት።"