የቅጽል ስም ፈቃድ

እዚህ ፍሎሪዳ፣ ተማሪን መዝገብ ላይ ከሰፈረው ስሙ ውጭ ለመጥራት የወላጅ ፊርማ ያስፈልገናል። ደንቡ ሲመጣ ስቄበት ነበር። ከዚያ ሎሬይን ሃስኪንስ የማስተምረው ሰባተኛ ክፍል ገባች፤ ሳቄም በዚያው ቀረ።

ልጅቷ «በርዲ» ካልተባለች አቤት አትልም። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት፤ እናቷ ደግሞ ዓምና ጥላቸው ሄዳለች። አባቷ ዴል የፈቃዱን ወረቀት ሳይፈርም መለሰው። እኔ «ሎሬይን» እላለሁ፣ እሷ ዝም። ሦስት ሳምንት እንዲህ ተፋጠጥን። ርዕሰ መምህሩ «ስሟ ሲጠራ አቤት ካላለች ከሰኞ ጀምሮ ቀሪ ትባላለች» ሲለኝ ደሜ ፈላ፤ ዴልን አስጠራሁት።

ከሥራ በቀጥታ መጣ። ልጅቷን ኮሪደር ላይ አስቀምጬ በሩን ገርበብ አደረግሁት።

«ሎሬይን የእናቴ ስም ነው» አለ ሳይቀመጥ። «መብቴም ነው፣ አይደለም እንዴ?»

«መብትዎ ነው። ልጅቷ ግን ልትወድቅ ነው።»

«እኔ ቤት ስትጠራ አቤት ትላለች።»

«ወድዳ ነው ወይስ ፈርታ?»

ፊቱ ቀላ። «ለመሆኑ ልጅ አሳድገው ያውቃሉ?»

አላውቅም። ይህን ማለቱ አናደደኝ። እሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ድምፁ ወረደ።

«በርዲ የሚለውን ስም በሰማሁ ቁጥር እናቷ ከጓዳ የምትጣራ ይመስለኛል። ይገባዎታል?»

ገብቶኛል። ግን ማሸነፍ ፈልጌ ነበርና የፈቃዱን ወረቀትና ብዕሩን አስጠጋሁለት። ብዕሩን አነሳው፤ አንድ ፊደል ጽፎ ቆመ።

«እናቷ እዚህ ትደውላለች? በዚህ ስም ትጠይቃለች?»

ቶሎ እንዲፈርምልኝ ብዬ አፌ ቀደመኝ። «አይስጉ፣ አንድ ቀን እንኳ ደውላ አታውቅም። ስለ ልጅቷም ጠይቃ አታውቅም።»

ፈረመ። ወረቀቱን ስቀበል በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ከንፈሯ ነጥቶ ቆማለች።

«እማዬ ስትደውል ስልኩን የምትዘጋባት አንተ መስለኸኝ ነበር» አለችው አባቷን። «ዓመት ሙሉ!»

ዴል ተነስቶ እጁን ዘረጋ። «በርዲ» አላት፣ «በርዲዬ፣ ነይ።»

«ሎሬይን ነኝ» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ቀድማው ወጣች።

እኔ የተፈረመውን ፈቃድ እንደያዝኩ ቀረሁ።