ክላክስ ያጣው ሽማግሌ

«ሽማግሌው» የምንለው አሮጌ መኪናችን መንገድ ተዘጋግቶ በቆመ ቁጥር ይፈላል። እናቴን ለሕክምና የሚያመላልሳት ደግሞ እሱ ብቻ ነው፤ ነገም ቀጠሮ አላት።

መካኒኳ አክስቴ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፋን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ስታገናኘው ዞረ።

«ፋኑ ራሱ ደህና ነው። የሞተው ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ሪሌ ነው» አለች። ከዚያ የክላክሱን ሪሌ ነቅላ በሞተው ቦታ ሰካችው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ሞተሩ ሲግል ፋኑ በራሱ ተነሳ።

«አዲስ እስኪገዛ ክላክስ የለህም፣ ወንድምዓለም!» አለችው አባቴን።

«ያለ ክላክስ እንዴት ይነዳል?» አለ መንገዱን ሙሉ ክላክስ የሚያስጮኸው አባቴ።

«እንደ ሰው!» አልኩት።

«አንቺ ምላሳም!»

በማግስቱ እናቴ ታክማ በሰላም ተመለሰች።

«እጅሽ ይባረክ» አለቻት አክስቴን፤ «ለኔም ደረስሽልኝ፣ ጆሮዬንም አሳረፍሽው።»

አባቴም ክላክስ ስለሌለው በአፉ «አሜን!» ብሎ ጮኸ።