የተሳሳተችው ዶቃ

መምህርቷ ሕፃናቱን ተደጋጋሚ ቅደም ተከተል ስታስተምር የራሷ ዘዴ አላት። ቀይ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ እያለች ዶቃ በክር ትሰካና መሀል ላይ አንዷን ሆን ብላ ታሳስታለች። ያቺን ለቅሞ ያወጣ ልጅ ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው፤ ከዚያ የራሱን ይሰካል።

ዛሬ ርዕሰ መምህሩ የሕፃናት ክፍል ኃላፊ የሚመርጡት መምህራኑ ሲያስተምሩ አይተው ነው። ቀድማ የተነሳችው እንደ እህት የምታያት ጓደኛዋ ነበረች። ከቦርሳዋ ያወጣችው ደግሞ ትናንት «አውሺኝ» ብላ ከመምህርቷ የወሰደችውን ዶቃ የተሰካበት ክር ነው።

«ይሄን ዘዴ ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ልጆቹ ተንጫጩ። «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ተሳስቷል። ሰማያዊው ሁለት ሆኗል።»

ርዕሰ መምህሩ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ጓደኛዋ የተሳሳተችው ዶቃ ለምን እዚያ እንደገባች ጠይቃ አታውቅም፤ ደንገጥ ብላ ወዲያው ሳቀች።

«እሷን እንኳን የሰካችው እህቴ ናት» አለች ወደ መምህርቷ እየጠቆመች። «ላግዝሽ ብላኝ እኮ ነው።»

«አይ አንቺ» አሉ ርዕሰ መምህሩ ወደ መምህርቷ ዞር ብለው። «ለሕፃን የሚሰጥ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በይ፣ ያንቺን ደግሞ እንይ።»

መምህርቷ ባዶ እጇን ብድግ አለች።

«የኔንማ አሁን አይታችሁ ጨረሳችሁ።»

ጓደኛዋ ክሩን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።