ኮምፒውተሩ የጠየቀው ቁልፍ

ባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሚስት ተርጓሚ ናቸው። እሱ ወደ ክፍሉ ሲገባ እሷ የኮምፒውተሯን ክዳን ዝቅ ማድረግ ከጀመረች ወዲህ ጥርጣሬ ገባው። ቢጠይቃት ምን ነበረበት? እሱ ግን ገበያ እስክትሄድ ጠብቆ፣ የምትጽፈውን ሁሉ እየቀዳ ወደ ስልኩ የሚልክ ፕሮግራም ጫነባት። የይለፍ ቃሏን የነገረችው ራሷ ነበረች።

ፕሮግራሙ አንዲት ቃል እንኳ ሳይልክለት ኮምፒውተሩን ይዞት ወደቀ። በማግስቱ ጠዋት ስታበራው በርቶ ጠፋ፤ ደግሞ በራ፣ ደግሞ ጠፋ። ስንት ወር የለፋችበት ትርጉም እዚያው ውስጥ ነው። እሷ ስትንቆራጠጥ እሱ ኤሌክትሪኩ ይሆናል ብሎ ጤነኛውን ሶኬት ሲፈታና ሲገጥም አረፈደ።

የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነው ታናሽ ወንድሟ ተጠራ። በሴፍ ሞድ እናስነሳው አለ፤ ያኔ ዋና ዋናዎቹ ብቻ ስለሚነሱ፣ የሚረብሸውን ነገር ፈልጎ ማጥፋት ይቻላል። ዲስኩ የተመሰጠረ ነበርና ማሽኑ ከሁሉ አስቀድሞ ረጅም ቁጥር ጠየቀ። ሌባ ቢወስደው እንኳ ያለዚህ ቁጥር እንደማይከፍተው ወንድሟ አስረዳ። ባል ጆሮው ጋለ።

ቁጥሩ በስልኳ ካለው አካውንቷ ተገኘ። እሷ ቀስ እያለች አነበበች፣ ወንድሟ መታው። ጥቁር ገጽ መጣ፤ በአራቱም ማዕዘን "ሴፍ ሞድ" ይላል። ወንድሟ በቅርብ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ሲያይ፣ አንዱ የምትጽፈውን ወደ ባሏ ስልክ የሚልክ ሆኖ አገኘው። የእህቱን ባል ቀና ብሎ አየውና ዓይኑን ቶሎ መለሰ።

"የማይረባ ነገር ከኢንተርኔት ገብቶ ነው። አጠፋሁት" አለ።

ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ተነሳ። እሷ እፎይ አለችና ወደ ባሏ ዞራ ሳቀች። "አንተ ደግሞ ደህናውን ሶኬት ስትፈታ!"

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

"እኔ ነኝ የጫንኩት" አለ።

ሳቋ ከፊቷ እስኪጠፋ ጊዜ ወሰደ። ምን ፈልጎ እንደሆነ ጠየቀችው። ክዳኑን ስለምትዘጋበት ጠርጥሮ እንደሆነ እየተንተባተበ ነገራት።

"ያላለቀ ጽሑፍ ሰው ሲያይብኝ አፍራለሁ። ነግሬህ ነበር እኮ።"

እውነቷን ነው፤ ነግራው ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም ከርሞ አሁን የሚገባበት ጠፋው። የይለፍ ቃሏን ልትቀይር ስትል ወንድሟ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ባል ግን ማንም ውጣ ሳይለው ኮሪደር ወጥቶ ቆመ። የቁልፎቹ ድምፅ እዚያ ድረስ ይሰማው ነበር።

ወንድሟ ተሰናብቶ ከሄደ በኋላ ጠራችው። ክዳኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወንበሩን ሳበችለት።

"ማየት ፈልገህ የለ? አንብብ።"

ተቀመጠ። የመጀመሪያውን መስመር አነበበና ምንም ሳይገባው ቀረ፤ እንደገና ከላይ ጀመረ። እሷ ከጀርባው ቆማ ነበር። ገጹን እስኪጨርስ አልሄደችም።