ማን ተኮሰ ብዬ ስጠይቅ

ባለቤቴን ሰፈሩ ሁሉ «ብሎኔ» ነበር የሚለው። ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ሱሪውን ሳጥብ ከኪሱ ብሎን ያልወጣበት ቀን ትዝ አይለኝም። እናቱ ሳይቀሩ «ይሄን ልጅ ስወልድ አዋላጇ መፍቻ አቀብሉኝ ብላለች» እያሉ ያሾፉበት ነበር። እሱ፣ አማቴና እኔ፣ ሦስታችን አንድ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ነው።

ጣጣው የመጣው በውኃ ነው። የኩሽናችን ቧንቧ ግድግዳው ውስጥ ተሰንጥቆ ኖሮ፣ ከእኛ ሥር ያለው ጎረቤታችን ኮርኒስ ላይ ያንጠባጥብ ጀመር። ሰውየው ቀለም ነጋዴ ነው። በገዛ እጁ ቀብቶ ያሳመረው ኮርኒስ መሃል ለመሃል ቡናማ እድፍ ሲይዝ ደሙ ፈላ። መጀመሪያ አንኳኩቶ በጨዋ ደንብ ነገረን፤ እኛም ይቅርታ ጠየቅን። የሚለወጠው ዕቃ ግን ከገበያ ጠፋ። እሱም ከታች ሆኖ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ይደበድብብን ጀመር። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ከብሎኔ ጋር ተፋጠጡ።

«የሰው ሊፍት ትጠግናለህ፣ የራስህ ቧንቧ ግን ያቅትሃል!»

«ዕቃው እስኪገኝ ታገሰኝ፣ ወንድሜ።»

«ወንድምህ አይደለሁም። ቆይ፣ አሳይሃለሁ!»

ብሎኔ እየሳቀ ገባ። «አሳይሃለሁ የሚለኝ ኮርኒሱን ከሆነ፣ አሳይቶኛል እኮ» አለ። እኔም አማቴም ሳቅን። በንዴት የሚወረወር ቃል ነው፣ ነገ ይረሳል ብለን ነበር።

ዕቃው የተገኘ ቀን ብሎኔ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ቀረ። ከምሳ በኋላ ዕቃ ማጠቢያው ሥር በጀርባው ተንጋሎ እያንጎራጎረ ይፈታል፤ አማቴ መኝታ ቤት ጋደም ብለዋል፤ እኔ እሰፋለሁ። አንድ ረጅም ጠርዝ ጨርሼ መኪናዬን ሳቆም ነው መንገዱ ጭጭ ማለቱን ያስተዋልኩት። ልጆች የሉም። ሁልጊዜ የሚጮኸው የፀጉር ቤቱ ሙዚቃ የለም። በመስኮት ብቅ አልኩ። የፖሊስ መኪና መንገዱን አግድም ዘግቶ ቆሟል። ከኋላው አንድ ባለ ሄልሜት ተንበርክኮ ጠመንጃ ደግኗል። ወዴት እንደደገነ ለማየት በዓይኔ ተከተልኩት፤ አፈሙዙ እኔው ላይ ነው።

ወንበሩን ገልብጬ ወደ ኋላ ወደቅሁ።

«ውስጥ ያለኸው! እጅህን እያሳየህ ውጣ!» አለ የድምፅ ማጉያ።

«ማንን ነው?» አለኝ ብሎኔ ከማጠቢያው ሥር እየወጣ።

«እንጃ! መስኮታችን ላይ ደግነዋል!»

አማቴ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ብቅ አሉ። «ሌባ ሕንፃው ውስጥ ገብቶ ይሆናል። በሩን ቆልፉ እንጂ!»

ያኔ ደረጃው በከባድ ጫማ ተናወጠ፤ በራችን በሰደፍ ተመታ።

«እናንተ መኝታ ቤት ግቡ፤ እኔ ላናግራቸው» አለ ብሎኔ። አንድ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። በሌላው የቧንቧ መፍቻ እንደያዘ ነው። ልብ አላለውም፤ እኔ ጣቴ ላይ ቀለበት መኖሩን ልብ እንደማልለው ማለት ነው። እኔም አላየሁለትም። በሩን ከፈተ።

«ተንበርከክ!» አለ አንዱ። «እጅ ወደ ላይ!» አለ ሌላው፣ እኩል።

ብሎኔ የቱን እንደሚያደርግ ግራ ገባው። ከዚያ ሁለት እጁን አነሳ። መፍቻውም አብሮ ተነሳ።

ተኩሱን ጆሮዬ አልሰማውም፤ ደረቴ ነው የሰማው። ብሎኔ ደፉ ላይ ወደቀ፤ በዚያው ቀረ። ባሌን ሳልነካው እየጎተቱ ደረጃው ላይ አወጡን። ሄልሜት ያጠለቀ አንድ ሰው አማቴን በትከሻቸው ይዞ፣ በደግ አነጋገር፣ «አይዞዎት እናቴ፣ ተርፈዋል። ያገታችሁ እሱ ብቻ ነው ወይስ ሌላም አለ?» አላቸው።

አማቴ አዩት። «ማን? ልጄ? ልጄ ነው እኔን የሚያግተኝ?»

ሰውየው እጁን ከትከሻቸው ላይ ሲያነሳ አየሁት። ያኔ ነው ነገሩ የገባው።

አንድ ሰው ደውሎ ኖሯል፤ «ከላይ ያለው ጎረቤቴ ሚስቱንና እናቱን በመሣሪያ አግቷል፣ ሊገድላቸው ነው» ብሎ። ቀለም ነጋዴው ነው። ሳይውል ሳያድር ተያዘ፤ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ትንሽ ይደንግጥልኝ ብዬ ነው» አለ። ብዙ ዓመት ተፈረደበት። ሰዉም «እንግዲህ ፍትሕ አገኛችሁ» አለን።

እኔ ግን፣ «የተኮሰውስ ማነው?» አልኩ።

ይህን መጠየቅ የጀመርኩ ዕለት ሌላ ፍርሃት ቤቴ ገባ። የፖሊስ ቃል አቀባዩ፣ ፖሊስም በሐሰተኛ ጥሪ የተታለለ ተጎጂ ነው ብሎ በቴሌቪዥን ተናገረ። ጣቢያ ሄጄ አቤት ስል ጠረጴዛው ኋላ ያለው፣ «ክስሽ በማን ላይ ነው?» አለኝ።

«በተኮሰው ሰው።»

«ስሙ?»

«እሱን እኮ ነው የምጠይቃችሁ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ቤትሽ የት እንደሆነ እናውቃለን። ካስፈለግሽ እንፈልግሻለን።» ክፉ ቃል የለበትም። እኔ ግን እስከ ቤቴ ድረስ ወደ ኋላ እየዞርኩ ነው የሄድኩት።

ከዚያ ወዲያ የፖሊስ ጥበቃ መኪና መስኮቴ ሥር ይቆም ጀመር። ሞተሩን አያጠፋም፣ ማንም አይወርድም፤ ዝም ብሎ ይቆማል። ከነበረኝ ጨርቅ ወፍራሙን መርጬ ለራሴ መጋረጃ ሰፋሁ፤ ከኋላውም ሆኜ ስሰፋ ጀርባዬ ያሳክከኛል። አማቴና እኔ ሳንነጋገር አንድ ልማድ አወጣን፤ ከክፍል ወደ ክፍል ስንሄድ «እኔ ነኝ» እንባባላለን። መቀስ ይዤ ወደ በር አልጠጋም። አንዲት ደንበኛ መጋረጃዬ ተንሻፈፈ ብላ ስትቆጣኝ ደጋግሜ ይቅርታ ለመንኳት። ሴትዮዋ ራሷ ደነገጠች። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነው፤ ይቺም ስልክ አላት።

እህቴ በሳምንት በሳምንት ትመጣለች፤ ከታች ስሜን ተጣርታ ነው የምትወጣው። «ተይው እህቴ» አለችኝ አንድ ቀን። «እነሱ ጠመንጃ አላቸው። አንቺ ያለሽ መርፌ ነው።»

ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። ያን ሰሞን ነው አንዲት የማላውቃት ሴት መጥታ፣ በሩን ሳታንኳኳ፣ ደረጃው ላይ ቆማ፣ «ቤቶች! ብቻዬን ነኝ!» ያለችው። በቀዳዳ አየኋት፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ያን ቀን የአደጋ ጊዜ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

ሳልከፍትላት ልመለስ ነበር። አማቴ ከኋላዬ ሆነው «ትግባ» አሉ።

ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «የደወለውን ሰውዬ፣ መሣሪያውን በዓይንህ አይተሃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አላየሁም፣ ግን መኖሩን አውቃለሁ አለኝ። ይህንኑ ለቡድኑ አዛዥ በሬድዮ ነገርኩት። ቤታቸው ስልክ ልደውል ወይ ብዬም ጠየቅሁ። ጊዜ የለንም አለኝ። ሁሉም ተቀድቷል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«ፈርቼ ነው። ልጆች አሉኝ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ይብሳል» አለች። ሻይ ቀድቼላት አጠገቧ ተቀመጥኩ።

እሷ በመመስከሯ ጉዳዩ ተንቀሳቀሰ፤ አዛዡና ተኳሹ ተከሰሱ። ዐቃቤ ሕጉ ቅጂው ችሎት ላይ እንዲሰማ አስወሰነ። የቀለም ነጋዴው ድምፅ፣ የእሷ ድምፅ፣ ከዚያ የአዛዡ «ጊዜ የለንም» አዳራሹን ሞላው።

«መሣሪያ በዓይን እንዳልታየ በሩ ላይ ለነበሩት ነግረሃቸዋል?» አለው ዐቃቤ ሕጉ።

አዛዡ ውኃ ጠጣ። «አልነገርኩም።»

ቀጥሎ የተኮሰው ተጠራ። ስሙን ያን ጊዜ ሰማሁ። ትከሻ ሰፊ፣ ድምፁ ግን ቀጭን ሰው ነው። «እጁን ሲያነሳ ብረት አየሁ» አለ።

አማቴ ከአግዳሚው ላይ ተነሱ። «አንሳ ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

ዳኛው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ፤ «እናቴ፣ ይቀመጡ» አሉ። አማቴ ግን መልስ እስኪመጣ ቆመው ጠበቁ፤ በኋላ እኔ ነኝ ይዤ ያስቀመጥኳቸው።

አዛዡ በቸልተኝነት ተፈርዶበት ከአዳራሹ በካቴና ወጣ። የተኮሰው፣ የተነገረውን አምኖ ነው ተብሎ፣ ነፃ ተባለ፤ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ደጅ ላይ አንድ ጋዜጠኛ ማይክራፎን ዘረጋልኝ። «የፈለጉትን አገኙ?»

«ስሙን አውቄያለሁ» አልኩት። «እሱ ደግሞ ቤቴን ያውቀዋል።»

አማቴ ክንዴን ያዙ። አጭሩ መንገድ በፖሊስ ጣቢያው በኩል ነው የሚያልፈው። «በዚያኛው እንሂድ፣ ልጄ» አሉኝ። ዞረን ሄድን።